በራሱም ላይ ጫማ ያደረገው ፊደል

ዓመቱን ብትጠይቁኝ አላውቀውም። በልጅነቴ ዓመት የሚቆጥርልኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልቆጠርኩም። የማስታውሰው ከፊት ሁለት ጥርሶቼ ወልቀው አንዱ ብቅ ማለት ጀምሮ እንደነበር ነው። ምላሴን እዚያ ክፍተት ውስጥ ሳልከት የምውልበት ጊዜ አልነበረም። ክረምቱ ወደ ማለቁ ነበር፤ የዳሞታ ተራራ ጠዋት ጠዋት ጭጋጉን እያወለቀ መታየት ጀምሯል። ጊፋታ፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ ሊደርስ ሁለት ወይ ሦስት ሳምንት ቢቀረው ነው።

ይህን ሁሉ የቀሰቀሰብኝ የቡላ ገንፎ ነው። ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ምህረት «አባባ፣ ለቁርስ ቡላ ላገንፋልዎ» ብላ ድስት ጣደች። ምህረት አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ባነር የሚያትም ቤት ትሠራለች። በአንድ እጇ ማማሰያ፣ በአንድ እጇ መጽሔት ይዛ ስለነበር ገንፎው ወዲያው ሙጫ ሆነ። ሽታው ደረሰኝ። ትንሽ ያረረ፣ ትንሽ የኮመጠጠ፣ እርጥብ ግድግዳ እርጥብ ግድግዳ የሚል።

«እስቲ ይሄን ፊደል ይዩልኝ» አለች መጽሔቱን እያቀበለችኝ። «አንዷ ደንበኛ፣ ልክ እንደዚህ ካልሆነ ባነሩን አልወስድም ብላ ጥላብኝ ሄደች። ምን ዓይነት ፊደል እንደሆነ እንኳ አላውቅም።»

መነጽሬን አደረግሁ። የፈረንጅ ፊደል ነው፤ ቀጭን፣ ቀጥ ያለ። ጫፍ ጫፉ ላይ ደግሞ ጠፍጣፋ ነገር ተደርጎለታል፣ ታችም ላይም። ሳላስበው እጄ መጽሔቱን ቁልቁል ገለበጠው።

ምህረት ሳቀች። «አባባ፣ ገለበጡት እኮ!»

«እኔ የማውቀው ተገልብጦ ነው» አልኳት።

እሷ ስልኳን ፊደሉ ላይ ደቅና አንድ ነገር ነካ ነካ አደረገች፤ ስልኩም ስሙን ነገራት። የፈረንጅ ስም ነው፣ ሁለቴ ደገመችልኝ፣ ምላሴ ላይ ግን አልቆየም። እኛን ያኔ ስንት ያንከራተተንን ነገር ስልኩ ገንፎው እስኪያር ድረስ ጨረሰው። እሷም እያረረባት መሆኑን ረስታ «ከየት ያውቁታል?» ብላ አጠገቤ ተቀመጠች። እንግዲህ የነገርኳት ይህንን ነው።

ቤታችን እዚሁ ሶዶ ነበር፣ የጭቃ ቤት፤ ግድግዳው ግን ወረቀት ለብሷል። እማ ለአንዲት ነርስ ልብስ ታጥብ ነበር። ነርሷ አንብባ የጨረሰችውን ጋዜጣና መጽሔት አትጥለውም፣ ለእማ ትሰጣታለች። እማ ደግሞ በየዓመቱ ጊፋታ ሲቃረብ ቡላ በውሃ ትበጠብጥና እሳት ላይ ታማስለዋለች። ሙጫ ሲሆንላት በአሮጌ ጨርቅ እየነከረች ግድግዳውን አዲስ ወረቀት ታለብሰዋለች። በአሮጌው ላይ አዲስ፣ በሚቀጥለው ዓመት በዚያም ላይ ሌላ። ግድግዳችን እንደ እንሰት ግንድ ነበር፤ ቢልጡት ከሥሩ ሌላ ልብስ አለው።

«ሰው የሚበላውን ግድግዳ ታበያለሽ» ይላታል አባዬ።

«ግድግዳ ሲራብ ንፋስ ያስገባል» ትለዋለች።

ከእኔ መኝታ በላይ የተለጠፈው ገጽ የሐይቅ ሥዕል ነበረው። በሐይቁ ዳር ዛፎች አሉ፤ ውሃው ውስጥም እነዚያው ዛፎች አሉ። የቱ ዛፍ፣ የቱ ጥላ እንደሆነ ማን ይለያል? እማ አልለየችም። ማንበብ ስለማትችልም ጽሑፉን አልጠየቀችውም። ገልብጣ ለጠፈችው፤ እኔም ዓመቱን ሙሉ ተገልብጦ ሳየው ኖርኩ።

ከሐይቁ ጋር በሁለት መስመር የተደረደሩ ትልልቅ ፊደሎች ነበሩ። እኔ ሰዎች ይመስሉኝ ነበር። ቀጫጭን ናቸው፣ ምናልባት ብዙ ስለሚሄዱ ነው እላለሁ። ሁሉም ጫማ አድርገዋል፣ ጠፍጣፋ ጫማ። የሚገርመው በእግራቸው ብቻ አይደለም፣ በራሳቸውም ላይ አድርገዋል። እግሩ የደከመው ፈረንጅ ተገልብጦ በራሱ ይሄዳል ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ። ክቡ ብቻ ጫማ የለውም፤ እግር ስለሌለው አዝንለት ነበር። ከሁሉም የምወደው አንዱን እግሩን እንደ አህያ ወደ ላይ የሚያነሳውን ነው። «ተራጋጩ» የሚል ስም አውጥቼለት ነበር። ከመተኛቴ በፊት ጣቴን እግሩ ላይ አስኬድና ጫማው ጋ ስደርስ አቆማለሁ።

የትምህርት ቤቱ ፊደል ግን እንዲህ አልተወዳጀኝም። አስተማሪያችን ዱላውን ሰሌዳው ላይ ያሳርፋል፣ እኛ በዜማ እንጮኻለን። ዜማውን ከማንም በላይ አውቀው ነበር። ዱላው ቦታ ሲቀይር ግን ዜማዬ ብቻውን ይሄዳል፣ ፊደሉ ሌላ ቦታ ይቀራል። ሁለት ዓመት አንደኛ ክፍል ተቀመጥኩ። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ አስተማሪው ለአባዬ ወረቀት ላከ።

አባዬ ወረቀቱን አንብቦ አጠፈው። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ማርቆስ» አለኝ፣ «ሁለት ዓመት ይበቃል። ፊደል ካልገባህ መርፌ ይገባሃል። ከጊፋታ በኋላ እኔ ዘንድ ተቀምጠህ ቁልፍ ትተክላለህ።»

አባዬ ልብስ ሰፊ ነበር። ሥራውን አልንቅም። ነገር ግን ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነበር፣ እሱ ነው ደወላችን። በብረት ሲመታ ድምፁ ገበያው ድረስ ይሰማል። የሚመቱት ሦስተኛ ክፍል የደረሱ ልጆች ናቸው፣ በተራ። እኔ ከዓለም የምፈልገው አንድ ነገር ያንን ቸርኬ አንዴ መምታት ነበር። ቁልፍ እየተከሉ ሦስተኛ ክፍል አይደረስም።

በዚያ ክረምት አባዬ ከሰው በረንዳ ወጥቶ የራሱን ክፍል ተከራይቶ ነበር። ስለዚህ ታፔላ ያስፈልገዋል። ታፔላ ደግሞ ከጊፋታ በፊት መሰቀል አለበት፣ ሰው ሁሉ አዲስ ልብስ የሚያሰፋው ያኔ ነውና። ጋሽ ብሩሽ ተጠሩ።

ጋሽ ብሩሽ የከተማው ታፔላ ጸሐፊ ናቸው። የአባታቸው አገር ሰሜን ነው፣ እሳቸው ግን ቦዲቲ ነው የተወለዱት ይባላል። ሱሪያቸው ላይ የሶዶ ሱቆች ሁሉ አሉ፤ የመድኃኒት ቤቱ አረንጓዴ፣ የሆቴሉ ቀይ፣ የዳቦ ቤቱ ቢጫ። ሁሉም ሰው ጋሽ ብሩሽ ነው የሚላቸው። ሌላ ስም ይኖራቸው ይሆን ብሎ የጠየቀ ያለ አይመስለኝም።

አባዬ ከኪሱ አንድ ቁራጭ ወረቀት አወጣ። ያቺው ነርስ ቀሚስ እንዲሰፋላት ሥዕሉን ከመጽሔት ቀድዳ የሰጠችው ነው። ከቀሚሱ በላይ አራት ፊደሎች አሉ።

«ይዩት ጋሽ ብሩሽ፣ ክር እኮ ነው!» አለ አባዬ። «ቀጥ ብሎ የተሰፋ ቀጭን ክር። እንዳይተረተር ደግሞ ጫፉና ጫፉ ታስሯል። የልብስ ሰፊ ፊደል ማለት ይሄ ነው። ታፔላዬ በዚህ ይጻፍልኝ።»

ጋሽ ብሩሽ ቁራጩን ወደ ብርሃኑ ያዙት። «ቆንጆ ነው፣ ላሊሶ። ግን ከአማርኛው በታች ‹ቴይለር› ብዬ በፈረንጅኛ ልጽፍልህ ስድስት ፊደል ያስፈልገኛል። እዚህ ካሉት አራቱ የሚያገለግለኝ ክቡ ብቻ ነው።»

«የቀረውን ከልብዎ ይሙሉታ።»

«የማላውቀውን ሰው ፊት በግምት አልስልም። አንተ እጅጌውን አይተህ ኮሌታውን በግምት ትሰፋለህ?»

«እሰፋለሁ።»

«ለዚህ ነዋ ሸሚዜ አንገቴን የሚያንቀኝ!»

ነርሷን እንዳይጠይቋት ለእረፍት አዲስ አበባ ሄዳለች፣ የምትመለሰውም ከበዓሉ በኋላ ነው። ሁለቱም ቁራጩን እያገላበጡ አዩት።

እኔ መሬት ተቀምጬ ቁልፍ በየመልኩ እለይ ነበር። ቀና ስል ቁራጩን በጋሽ ብሩሽ እጅ አየሁት። አንድ የማውቀው ሰው ሌላ ልብስ ለብሶ ያለፈ መሰለኝ። ተነሳሁ፤ ጀርባዬን ሰጥቼ ጎንበስ አልኩና በእግሮቼ መሃል አየሁት።

«ምን ሆንክ? ሆድህን አመመህ?» አለ አባዬ።

«አባዬ፣ እነዚህ እኛ ቤት አሉ! ከእኔ በላይ ነው የሚያድሩት!»

አባዬ ሳቀ። «እዩልኝ እንግዲህ! ሀሁ ያልገባው ልጅ የፈረንጅ ፊደል ዘመዱ ሆኖ ተገኘ።»

ጋሽ ብሩሽ ግን አልሳቁም። ቁጢጥ ብለው ፊታቸውን ከፊቴ ጋር አስተካከሉ። የቀለምና የጋዝ ሽታ ነበራቸው። «ምናቸውን አይተህ አወቅካቸው?»

«ጫማቸውን።»

«የትኛውን ጫማ?»

«የእግራቸውንም፣ የራሳቸውንም።»

ቁራጩን እንደገና አዩት፣ ረጅም ጊዜ። ከዚያ ወደ አባዬ ዞሩ። «ይሄን ልጅ ነው ፊደል አይገባውም ያላችሁት?»

«አስተማሪው ነው ያለው።»

«እንግዲህ እንሂድና እንይ። የተናገረው ፊደል እዚያ ከተገኘ ይህ ዓይን ትምህርት ቤት ነው መሆን ያለበት፣ ቁልፍ ላይ አይደለም።»

አባዬ አገጩን አሻሸ። «ይገኝና እንነጋገራለን» አለ።

ከፊት ከፊታቸው ሮጥኩ። ጭቃው እግሬን እየያዘ አስቸገረኝ እንጂ የሮጥኩትስ እንደ ፈረስ ነው። በሩን በርግጄ ስገባ የቡላ ሽታ ተቀበለኝ፤ እማ ድስቱን ይዛ መሃል ቤት ቆማለች። ግድግዳው በሙሉ እርጥብ ነው፣ ያብለጨልጫል። ከመኝታዬ በላይ ሐይቁ የለም። በቦታው ሱፍ ኮት የለበሰ ሰውዬ ፈገግ ብሎ ያየኛል።

ያንን ሰውዬ እስከ ዛሬ አልወደውም። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ጋሽ ብሩሽና አባዬ ደርሰው ነገሩን ሲያስረዷት እማ ድስቱን አስቀመጠች። የእማ አማርኛ ወንድና ሴት አይለይም ነበር፤ ፖሊሱንም ዳኛውንም አንቺ ነው የምትለው፣ የተቀየማትም አልነበረም። ወገቧን ይዛ «አንቺ ብሩሽ!» አለች። «ዛሬ ጠዋት የለጠፍኩትን ግድግዳ ልትልጪ ነው የመጣሽው?»

«እናቴ፣ ቡላው ሳይደርቅ ብንደርስበት ብለን ነው» አሉ ጋሽ ብሩሽ ባርኔጣቸውን አውልቀው። «ከደረቀ ብረት ነው።»

«ብረት ነዋ! እኔ ነኝ ያገነፋሁት!»

«መልሼ የምለጥፈው እኔ ነኝ፣ በራሴ እጅ።»

«ቀጥ አድርገሽ?»

«ቀጥ አድርጌ።»

እማ ወደ እኔ አየች። አፍንጫዬን በእጅጌዬ እየጠረግሁ ነበር። ሄዳ የፈላ ውሃ አመጣች።

ጋሽ ብሩሽ ጨርቅ በሙቅ ውሃ እየነከሩ ኮት በለበሰው ሰውዬ ላይ አሳረፉ። ከዚያ ቀጭን ቢላቸውን ከጠርዙ ሥር አስገቡና እንደ ቁስል ፋሻ ቀስ ብለው ሳቡት። በመጀመሪያ የሰውዬው ጫማ ተላቀቀ፣ ከዚያ ሱሪው። ከሥሩ ዛፎቼ ወጡ። ሐይቁ ወጣ። በመጨረሻም ፊደሎቹ፣ እንደ ሁልጊዜው ተገልብጠው።

«በእግርዎ መሃል ነው የሚታየው» አልኳቸው።

ጋሽ ብሩሽ ዞረው ጎንበስ አሉ። አባዬ ትንሽ አመነታና እሱም ጎንበስ አለ። ሦስታችንም ቂጣችንን ለግድግዳው ሰጥተን በእግራችን መሃል እናያለን።

«ጌታ ሆይ» አለች እማ ከበሩ፣ «ሦስት እብድ ቤቴ ገባች!»

«አንድ መጽሔት ነው!» ብለው ጮኹ ጋሽ ብሩሽ እንደተገለበጡ። «ያው ፊደል ነው፣ ላሊሶ! ቲ አለ፣ ኤ አለ፣ አይ፣ ኤል...» እያሉ ቆጠሩ። ከዚያ ቀና አሉና ግድግዳውን በጣታቸው ነኩት። ተራጋጩ በነበረበት ቦታ ወረቀቱ ተገሽልጦ ጭቃው ይታያል።

«አር የለም» አሉ። «ቴይለር ያለ አር አይሆንም።»

አባዬ «በቃ አንዷን እንኳ ይገምቷት» አለ። ጋሽ ብሩሽ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ማርቆስ፣ እንዴት ነበር?»

ከምድጃው ከሰል አነሳሁና ወለሉ ላይ ሣልኩት። እጄ ራሱ ነው የሄደው። ሆዱን ከታች፣ እግሩን ወደ ላይ፣ ጫማውን ጠፍጣፋ አድርጌ። ጋሽ ብሩሽ ዞረው በወዲያ በኩል ቆሙና ከዚያ አዩት።

«እግሩ አይጎብጥም?»

«አይጎብጥም። ዱላ ነው።»

«ልጁ ከሆዱ ያወጣው ቢሆንስ?» አለ አባዬ።

ጋሽ ብሩሽ ወለሉ ላይ የተጣለውን ኮት የለበሰ ሰውዬ አነሱት፣ በሩ ላይ ቆመው ወደ ብርሃኑ ያዙት። ጀርባው ላይ ከአሮጌው ገጽ የተገሸለጠ ቁራጭ ተጣብቋል። ብርሃኑ ሲያልፍበት ተራጋጩ በሰውዬው ደረት ላይ ብቅ አለ፣ እርጥብ እንደሆነ፣ እግሩን አንስቶ። እግሩ ዱላ ነው። ጫማው ጠፍጣፋ ነው። አባዬ አንዴ ብርሃኑን፣ አንዴ ወለሉን አየ።

«እኔ ድሮም ነግሬሻለሁ» አለችው እማ። «ይሄ ልጅ ሞኝ አይደለችም።»

አባዬ ግን ሐሳቡን በአንዴ የሚቀይር ሰው አልነበረም። «ዓይን እንዳለው አየሁ» አለ። «ማንበቡን ደግሞ ታፔላው በሚሰቀልበት ቀን አያለሁ። ካነበበ ምዝገባው ሳይዘጋ ይዤው እሄዳለሁ። ካላነበበ ቁልፉ አለ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰዓት ከሰዓት በጋሽ ብሩሽ በረንዳ ላይ ዋልኩ። ዜማ የለም፣ ዱላ የለም። የጋዝና የቀለም ሽታ አለ፣ ቆርቆሮው ላይ የሚንጠባጠብ ዝናብ አለ። ፊደልን ከእግሩ ጀምረው አስተማሩኝ። «ይሄ ስንት እግር አለው? ሁለት። ‹በ› ነው። አሁን ወገቡ ላይ እጅ አወጣ፣ ‹ቡ› ሆነ። ቀኝ እግሩ ጫማ አደረገ፣ ‹ቢ›። ጫማውን አወለቀና ቀለበት አጠለቀ፣ ‹ቤ›።» እኔ በሳቅ እፈርሳለሁ። ለካ የእኛም ፊደል ጫማ ያደርጋል! ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም አልነገረኝም ነበር።

የእማንም ግድግዳ እንደ ቃላቸው መልሰው ለጠፉላት። ሐይቁን ከነፊደሉ ቀጥ አድርገው አዞሩት። እማ ራቅ ብላ አይታ «አሁን ነው የተገለበጠችው» አለች።

ታፔላው የሚሰቀልበት ቀን ደረሰ። ጊፋታ ሊገባ ጥቂት ቀን ነበር የቀረው፤ መንገዱ በገበያተኛ ተሞልቷል፣ በአባዬም ደጅ ሰው ቆሟል። ጋሽ ብሩሽ መሰላሉ ላይ ወጥተው የመጨረሻውን ምስማር መቱ። በላይ በአማርኛ፣ በታች በፈረንጅኛ፤ ሁሉም ቀጭን፣ ሁሉም ባለ ጫማ። ተራጋጩ በመጨረሻ ቦታ ቆሟል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለት እግሩን መሬት አስነክቶ።

«በል» አለኝ አባዬ።

«ልብስ ስፌት» አልኩ።

ጎረቤታችን ሥጋ ሻጩ ከሱቁ በር ላይ ሆኖ ሳቀ። «እሱንማ የእኔም በግ ያነበዋል! ላሊሶ ልብስ ሰፊ መሆኑን የማያውቅ ማን አለ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። አባዬ አልሳቀም፤ ከሳቅ የባሰ ነገር አደረገ፣ ራሱን ነቀነቀ። «እውነቱን ነው» አለ ቀስ ብሎ። «በቃልህ ልትለው ትችላለህ።»

ቸርኬው ታየኝ፣ ዛፉ ላይ ሲወዛወዝ፣ ሌላ ልጅ ሲመታው።

ጋሽ ብሩሽ ከመሰላሉ አልወረዱም። ከታፔላው ግርጌ፣ ከቀኝ ጥጉ ላይ፣ በቡላ የተለጠፈች ትንሽ ወረቀት እንደነበረች ያኔ አየሁ። በጥፍራቸው ላጧት። ከሥሯ እንደ ጉንዳን ተራ ቀጫጭን ፊደሎች ወጡ። በማንም ታፔላ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ጽፈው አያውቁም ነበር።

«ይሄንንስ?» አሉኝ።

ሁሉም አንገቱን አሰገገ፣ የሚያውቀው ግን የለም። አባዬ መሰላሉ ሥር ተጠጋና ዓይኑን አጠበበ። እኔ ምላሴን በጥርሴ ክፍተት ውስጥ ከተትኩ። ሁለት እግር፤ ቀኙ ጫማ አድርጓል። ቀጣዩ ቀኝ እግሩን አስረዝሟል። ሦስተኛውን ሳየው ተጠራጠርኩ፣ ተውኩት፣ ተመለስኩበት። ከዚያ ክፍተት አለ። ከዚያ ሁለቱም ቀለበት ያጠለቁ ናቸው።

«ቢ... ሻ... ው» አልኩ። «ጌ... ጤ። ቢሻው ጌጤ!»

አባዬ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ተከትሎኝ አነበበ።

«ቢሻው ጌጤ ደግሞ ማነው?» አለ ሥጋ ሻጩ።

«አቤት!» አሉ ጋሽ ብሩሽ ከመሰላሉ ላይ።

በማግስቱ አባዬ እጄን ይዞ ትምህርት ቤት ወሰደኝ። ሦስተኛ ክፍል ደረስኩ፣ ቸርኬውንም መታሁት፤ ተራዬ ባልሆነበት ቀን ጭምር።

ይህን ስጨርስ ገንፎው ድስቱ ውስጥ ደርቆ ነበር። ምህረት ስልኳን አነሳች። «እስቲ የፊደሉን ስም አንዴ ልድገምልዎ፣ ይያዙት» አለች። ደገመችልኝ፤ አሁንም አልያዝኩትም።

«የታፔላ ጸሐፊው ስምስ?» አለችኝ።

ጋሽ ብሩሽ አላልኳትም። ቢሻው ጌጤ አልኳት።